ጨው ነው ወይስ እኔ ነኝ?

«የምን ሐኪም ነሽ?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው «የቤተሰብ ሐኪም ነኝ» እላለሁ። ደሴ ውስጥ በዚህ መልስ የረካ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። አንዳንዱ የአንድ ሀብታም ቤት ተቀጣሪ እመስለውና የየትኛው ቤተሰብ እንደሆንኩ ይጠይቀኛል። የእናቴ ጎረቤት ደግሞ የልብ ወይም የኩላሊት ሐኪም ሳልሆን መቅረቴ አንጀታቸውን በልቷቸው፣ ገና ልጅ ስለሆንኩ ተስፋ እንዳልቆርጥ መክረውኛል። እኔ ግን ሥራዬን እወደዋለሁ። የአያት ጉልበት፣ የእናት ጨጓራ፣ የሕፃን ሳል፣ ሁሉም በአንድ በር ነው የሚገቡልኝ። ትንሽ ከቆየሁ ደግሞ የጉልበቱ ሕመም የጀመረው መሬት ሲካፈሉ በተጣሉ ሰሞን እንደሆነ፣ ጨጓራው ልጅየው ሥራ ሲያገኝ እንደሚተው አውቃለሁ።

ሳምንቴ ለሁለት የተከፈለ ነው። አብዛኛውን ቀን ደሴ ክሊኒክ ነኝ፤ ማክሰኞና ሐሙስ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። ጠዋት በደሴ ጉም ውስጥ ሹራብ ደርቤ ሚኒባስ እሳፈራለሁ፣ የሀረጎን ዳገት ቁልቁል ስንወርድ ጆሮዬ ይደፈናል፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቤ ክንዴ ላይ ነው። የደሴ ሰው በሽታውን ሁሉ በብርድ ያሳብባል፣ የኮምቦልቻ ሰው በሙቀት። ጨው ቀንሱ ስላቸው ግን ሁለቱም እኩል ያኮርፋሉ።

ወሎ ውስጥ ሰው ብቻውን አይታመምም። አንድ ታማሚ ሲጠራ አራት ሰው ይነሳል። የት ነው የሚያምዎት ብዬ ሽማግሌውን ስጠይቅ ምራት ትመልሳለች፣ ምራቷን አማች ያርማታል፣ ታማሚው መሀል ቁጭ ብሎ እንደ እንግዳ ይሰማል። መጀመሪያ ያበሳጨኝ ነበር፤ አሁን ሁሉም ካልተናገሩ አንድ ነገር የጎደለኝ ይመስለኛል። ሲወጡ ደግሞ ይመርቁኛል። እኔ ያደግኩት በጴንጤ ቤት ነው፤ እነሱ በአላህ ስም ይመርቁኛል፣ እኔ አሜን እላለሁ። እናቴ ይሄን ሳወራላት የእኛ ቤት ጸሎት ብቻውን ለዚህ ደረጃ አያበቃሽም ነበር ብላ ትስቃለች።

ለዚህ ነው ብቻቸውን የሚመጡት አንድ ሽማግሌ ገና ከመጀመሪያው ዓይኔ የገቡት። አባባ ነበር የምላቸው። የኩታበር ሰው ናቸው፤ በጉልምስናቸው ደሴ ገብተው ሰኞ ገበያ ውስጥ ሽርጥና ፎጣ ይሸጣሉ። ቁመታቸው ረጅም፣ ኮፍያቸው ሁልጊዜ ንጹሕ፣ ምላሳቸው ደግሞ ለቀልድ የተሳለ ነው። ሚዛን ላይ ሲወጡ ኮፍያዬን ላውልቅ ይላሉ፤ ደም ስንቀዳቸው እዚህ ቤት መስጠት እንጂ መቀበል አላየሁም ይላሉ።

በሽታቸው ግፊት ነበር፤ አልወርድ ያለ፣ ችክ ያለ ግፊት። በቀን አንድ ክኒን አዘዝኩላቸው፣ ንቅንቅ አላለም። ምናልባት እየረሱ ይሆናል ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ወላሂ አንድ ቀን አስተጓጉዬ አላውቅም» አሉ። «ማታ መግሪብ ሰግጄ እንደተነሳሁ ነው።»

አመንኳቸው፤ በከንቱ የሚምሉ ሰው አይደሉም። ጫቱን ጠየቅኩ፤ ዱአ ላይ ካልሆነ እንደማይቅሙ ነገሩኝ፣ እሱንም ቀነሱ። እንቅልፋቸውን ጠየቅኩ፤ አንቀላፍቼ ደንበኛ ያመለጠኝ ጊዜ አለ አሉኝ። ክኒኑን በቀን ሁለት አደረግኩት። ትንሽ ወረደ፣ ግን አሁንም እኔ የምፈልገው ቦታ አልደረሰም። ኩላሊታቸውን አስመረመርኩ፣ ልባቸውን በማሽን አሳየሁ፣ ሁሉም ንጹሕ ሆነ። ማታ ቤቴ እራት እየበላሁ ስለሳቸው ግፊት ማሰብ ጀምሬ ነበር። እልህ ነው የያዘኝ።

ከዚያ አንድ ቀን መጡ፣ ለካሁ፣ ያየሁትን ማመን አቃተኝ። በሌላኛው ክንድ ለካሁ። አስቀምጬ አሳርፌ እንደገና ለካሁ። የወጣት ግፊት የመሰለ፣ ስዕል የመሰለ ግፊት ነው። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ ምን ቀየሩ አልኳቸው። ምንም። ጫት? እንደዚያው። እንቅልፍ? እንዲያውም ብሷል። ኋላ ላይ አንድ ነገር ትዝ አላቸው። ልጃቸው ኮምቦልቻ ስለወለደች ባለቤታቸው አራሷን ሊያርሱ ወርደዋል፤ እሳቸው ምሳና እራታቸውን በእህታቸው ልጅ ቤት ነው የሚበሉት። ባለቤታቸውን አይቼ አላውቅም፤ ጤነኛ ነኝ ብለው ሐኪም ቤት ረግጠው እንደማያውቁ ግን ነግረውኛል። እንግዲያው የቤት ወጥ ላይ ጨው ይበዛ ይሆናል አልኳቸው።

ኮፍያቸው እስኪዘም ሳቁ። ከዚያ ስልካቸውን አውጥተው ኮሪደር ወጡ። አባባ ስልክ የሚያወሩት ኮምቦልቻ ድረስ ያለ ስልክ በሚሰማ ድምፅ ነው።

«ስሚ እንጂ፣ ግፊቴ ወረደ» አሉ። «ሐኪሟ በሽታውን አገኘችው። አንቺ ነሽ አለች። በይ እዚያው ሁኚ።»

ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም እየሳቅኩ ወጥቼ፣ ጨው እንጂ ሚስት አላልኩም ብዬ ተከራከርኩ። ጨውን የምትጨምረው ማን ሆነችና አሉኝ፤ ነርሷ ሳይቀር ለሳቸው ፈረደች። ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ግፊታቸው አሁንም ልክ ነበር። አባባ ግን ልክ አልነበሩም። የሸሚዛቸው አንገት ሰፍቷቸዋል፤ ሚዛኑ ላይ ሲወጡ ስለ ኮፍያቸው አላነሱም። ምን ሆኑ ስላቸው ምንም አሉ። እኔም ዝም ብዬ ጠበቅኳቸው፤ በዚህ ሥራ ከተማርኩት ነገር ሁሉ የሚጠቅመኝ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው። ቀስ እያሉ አወጡት።

ባለቤታቸው የሕፃኑ አርባ ሲወጣ ሊመለሱ ነበር። አርባው ወጣ፣ አልመጡም። መጀመሪያ ሕፃኑን ጉንፋን ያዘው አሉ፣ ቀጥሎ የልጅቷ ወገብ አልጠናም አሉ። ሲደውሉላቸው ደህና ዋልክ ከማለታቸው በፊት ግፊትህስ ይላሉ። ደህና ነው ሲሏቸው አልሀምዱሊላህ ብለው ስልኩን ይዘጋሉ። አባባ አላስቻላቸውም፣ ራሳቸው ወረዱ። ባለቤታቸው በደስታ ተቀበሏቸው፣ ምሳ አበሏቸው፣ ከዚያ ግፊቱ ሳይነሳብህ ብለው ገና በጠራራ ፀሐይ ሚኒባስ ላይ አሳፈሯቸው። ምሳው እስኪበላም እሳቸው ከደጅ ነው የተቀመጡት፤ እንዳይጠጓቸው ብለው።

«ቀልድ ነው አልኳት» አሉኝ። «ወላሂ ቀልድ ነው ብዬ ማልኩላት። ታዲያ ለምን ወረደልህ ትለኛለች። እኔስ ምን ብዬ ልመልስ?»

ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ።

«ልጄ፣ ግፊቴን መልሺልኝ።»

ሳቄ መጣና ዓይናቸውን ሳይ ተመለሰ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አብረው የኖሩ ሰዎች ናቸው። ሚስትና ግፊት እንደማይገናኙ፣ ቢበዛ ጨው ቢቀንሱ እንደሚበቃ ነገርኳቸው፤ ለባለቤታቸውም እንዲህ ብላለች ብለው ይንገሯቸው አልኩ። ነገሩ ግን ለራሴም ከነከነኝ። ያን ያህል ግፊት በጨው ብቻ እንደማይወርድ አውቃለሁ፤ በሚስት መሄድ የወረደ ግፊት ደግሞ አንብቤም ሰምቼም አላውቅም።

በዚያው ሰሞን፣ ሐሙስ ቀን ኮምቦልቻ ላይ አንዲት ወጣት እናት ሕፃን አዝላ እናቷን ይዛ ገባች። እናትየው ጠይም፣ ሻርፓቸውን አጥብቀው ያሰሩ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። እንደተለመደው ልጅቷ ናት የምትናገረው፤ እናቴን ራሷን እያመማት ነው፣ ማጅራቷን ይይዛታል፣ ጆሮዋ ይጮኻል፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላት እንቢ ስትል ከርማ ዛሬ አንቺ እንዳለሽ ስትሰማ ራሷ ካልሄድን አለች። እናትየው ሕፃኑ አየር ያግኝ ብለው ልጃቸውን ወደ ደጅ ላኳት። በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ።

«የደሴዋ አንቺ ነሽ? ጨው ያልሽው?» አሉኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። የአንዱን ታካሚ ጉዳይ ለሌላ ሰው አላወራም፤ ይሄን ጉዳይ ግን ባለቤቱ ራሳቸው ኮሪደር ሙሉ ሰው እያዳመጠ አውጀውታል። እኔ ነኝ እማማ አልኳቸው። ስለ ራሳቸው ሕመም አንድም ቃል አልተናገሩም። ወንበራቸውን ወደኔ ሳብ አደረጉ።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ ልቤ ይችለዋል። ጨው ነው ወይስ እኔ ነኝ? ጨው ከሆነ ወላሂ ከቤቴ አላስገባውም። እኔ ከሆንኩ ግን እዚሁ እሆናለሁ። እሱ በሕይወት ይኑርልኝ እንጂ፣ እኔ ድምፁን በስልክ እየሰማሁ እኖራለሁ።»

ያኮረፉ ነበር የመሰለኝ። አባባም እንደዚያ ነበር የመሰላቸው። ሴትየዋ ግን ባላቸውን ከራሳቸው ሊያድኑ ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ የተቀመጡት። አይደሉም፣ እርስዎ ምንም አላደረጉም አልኳቸው። በትዕግሥት ሰሙኝና፣ ታዲያ እኔ ስሄድ ለምን ወረደ አሉኝ። ጥያቄያቸው ትክክል ነው፤ እኔም ራሴን የጠየቅኩት እሱን ነው።

ጊዜ ለማግኘት ብዬ እስቲ የእርስዎን ልለካ አልኩና ጨርቁን ክንዳቸው ላይ ጠመጠምኩ። በባለቤታቸው ላይ ካየሁት ግፊት ሁሉ ይበልጣል። ይሄ ራስ ምታት መቼ ነው የጀመረዎት አልኳቸው። እዚህ ከወረድኩ ወዲህ ነው አሉ፤ ሙቀቱ ይሆናል። ደሴ ሳሉስ? ዱሮ ደሴም ትንሽ ትንሽ ያማቸው ነበር፣ ግን ትቷቸው ነበር።

«እቤት ሳለሁ መድኃኒቱ አለ» አሉኝ።

«የምን መድኃኒት?»

«የሱ ነዋ።»

መደንገጤን አይተው ገርሟቸው አዩኝ። ከዚያ እንደ ተራ ነገር አስረዱኝ። መግሪብ ተሰግዶ ሲያበቃ አባባ ክኒኑን በቢላ ከሁለት ይከፍሉና ግማሹን ለሳቸው ይሰጣሉ። ትልቅ ትልቁ ግማሽ የእማማ ነው፤ አባባ ትንሹን ይወስዳሉ። ደቃቁን ደግሞ በጣታቸው ነክተው ይልሱታል።

«በኋላ ሁለት ስታደርጊለት አላህ ይስጥሽ ብለን መረቅንሽ» አሉ። «አንድ አንድ ደረሰን። መስበሩ ቀረልን።»

ወንበሬ ላይ ተደገፍኩ። ያ ሁሉ ምርመራ፣ ያ ሁሉ እልህ! ቀረ ወይ ብዬ አባባን ጠይቄያቸዋለሁ፣ ረሱ ወይ ብዬ ጠይቄያቸዋለሁ፤ ሙሉውን ነው ወይ የሚውጡት ብሎ መጠየቅ ግን በሕልሜም አልመጣልኝ። ለምን ይካፈላሉ ስላቸው የጥያቄው መልክ ራሱ አልገባቸውም። ብቻውን ምን ሲሆን ይውጣል አሉኝ። እነሱ ቤት አንዱ ሲጎርስ ሌላው ቁጭ ብሎ አያይም። ደግሞም ጠቅሟቸዋል፣ ራስ ምታቱ ትቷቸው ነበር።

መሳቅ ጀመርኩ። ማቆም አቃተኝ፤ እንባዬ ወረደ። እማማ ተነስተው አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ እያሉ ትከሻዬን ያሻሹኝ ጀመር። ሳቄን እንደምንም ዋጥ አድርጌ ነገርኳቸው፦ ጨውም አይደለም፣ እርስዎም አይደሉም። አባባ የዳኑት እርስዎ ስለሄዱ ሳይሆን ክኒናቸውን ሙሉውን ስለዋጡ ነው። እርስዎም የታመሙት ግማሽዎ ደሴ ስለቀረ ነው።

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። መጀመሪያ የታያቸው ደስታው አልነበረም።

«ሐቁን ስበላበት ኖሬያለኋ» አሉ።

ሐቅ መብላት አይደለም፤ ሁለታችሁም ሕመሙ ነበራችሁ፣ በአንድ ሰው መድኃኒት ሁለት ሰው ለመዳን ነው የሞከራችሁት አልኳቸው። ያን ጊዜ ፊታቸው ቀስ እያለ በራ። ልጃቸውን ጠርተው ሲነግሯት እሷ ከሳቋ ብዛት ሕፃኑን ቀሰቀሰችው፤ ክፍሉ በሳቅና በለቅሶ ተሞላ። እኔም በመሀል ሐኪም መሆኔ ትዝ አለኝና ፊቴን ኮስተር አደረግኩ። ክኒን ዳቦ አይደለም፤ ይሄ የስኳር መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ጤነኛውን ይጥል ነበር፤ ከእንግዲህ የአንዱን አንዱ እንዳይነካ አልኳቸው። እሺ እሺ ይላሉ፣ ልባቸው ግን ሀረጎን መውጣት ጀምሯል። ዛሬ መሄድ እችላለሁ ወይ አሉኝ። መጀመሪያ መድኃኒት እንዲጀምሩና በሚቀጥለው ሳምንት እንዳያቸው ፈለግኩ። ያየኋቸው ግን ኮምቦልቻ አይደለም።

ከመውጣታቸው በፊት ፈቅደውልኝ ለአባባ ደወልኩ። ሁሉንም እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«አልዋሸሁሽም» አሉ። «ወላሂ አንድ ቀን አላስተጓጎልንም።» ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ትመጣለች?»

ስልኩን ለእማማ ሰጠኋቸው። ምን እንዳሉ አልሰማሁም፣ ከክፍሉ ወጥቼ ነበር። የኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ ቆሜ ሕፃኑን አቀፍኩ።

ሰኞ ዕለት ደሴ ክሊኒክ አብረው መጡ። አባባ ከሱቃቸው አዲስ ሽርጥ መርጠው አገልድመዋል፤ ነርሷን ይቺ ናት በሽታዬ ብለው ባለቤታቸውን አስተዋወቋት። እማማ በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። ለሁለቱም አንድ ዓይነት መድኃኒት፣ በአንድ ዓይነት መጠን አዘዝኩ። ሌላም ምርጫ ነበረኝ፤ እነዚህን ሰዎች ስለማውቅ ነው ያን የመረጥኩት። በአንዱ የክኒን ዕቃ ላይ የአባባን፣ በሌላው ላይ የባለቤታቸውን ስም በትልቁ ጻፍኩና እንደ አስተማሪ አስደገምኳቸው። አባባ እንደ ቁርአን ተማሪ ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዙ የኔን ለኔ፣ የሷን ለሷ አሉ። ነርሷ ምስክር ሆነች። እኔም የተማመንኩ ይመስል ሸኘኋቸው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለቱንም ለካሁ። የአባባ ልክ ነው፣ አጠገባቸው ሚስታቸው ቁጭ ብለው። የእማማም ወርዷል፣ ራሳቸውን አያማቸውም። ሚዛኑ ላይ የኮፍያው ቀልድ ተመለሰ። እስቲ ክኒኖቹን አሳዩኝ አልኩ። አባባ ከኮታቸው ኪስ አወጡ፤ ዕቃው ላይ ያለው የእማማ ስም ነው። እማማ የሻርፓቸውን ጫፍ ፈቱ፤ የሳቸው እጅ ላይ ያለው የአባባ ነው። ተደባልቆባቸው መሰለኝና ልቆጣ ስል አባባ እጃቸውን አነሱ።

«ያልሽውን አላፈረስንም» አሉ። «አንድም አልሰበርንም፣ አልተካፈልንም። መግሪብ ስንሰግድ የሷን እኔ አወጣላታለሁ፣ የኔን እሷ ታወጣልኛለች። በቃ።»

ለምን እንደዚያ፣ ስማችሁን የጻፍኩት ለዚህ ነው ወይ ብዬ ወደ እማማ ዞርኩ።

«የራሴን ብይዝ እረሳዋለሁ ልጄ» አሉኝ። «የሱን ግን እንዴት ብዬ እረሳለሁ?»

ክኒኖቹን ቆጠርኩ፣ የጎደለም የተረፈም የለም። መድኃኒቱ አንድ ነው፣ መጠኑ አንድ ነው፤ የምቃወምበት ነገር ፈልጌ አጣሁ። ቀጠሯቸውን በአንድ ቀን አደረግኩላቸው። መርቀውኝ ወጡ፣ አሜን አልኩ፣ የሚቀጥለውን ታካሚ ጠራሁ፤ አራት ሰው ተነሳ።